ሒሳብና ጨዋታ በጨፋ ሸለቆ
(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ማኅበራችን በዚህ ምሽት እንድንናገርበት የሰጠን ርእስ «ሒሳብን በጨዋታና በእንቆቅልሽ ስለ ማስተማር» የሚል ነው። ርእሱ ሲነበብ ከመካከላችሁ አንዳንዱ ፈገግ ማለቱን አይተናል። ሒሳብና ጨዋታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት ለብዙዎቻችን ያልተለመደ ነውና አንቀየምም። ይሁን እንጂ የምንናገረው ስለ ቀልድ አይደለም፤ ስለዚህ አስቀድመን ጥቂት ቁጥር እናስቀምጣለን።

ከ12ኛ ክፍል የመልቀቂያ ፈተና ተፈታኞች መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ትምህርት ድምር መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን 60 ተማሪ የተቀመጠበትን አንድ ክፍል በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። በ2015ቱ ስሌት ከስድሳው ልጅ ያለፈው ሁለት እንኳ አይሞላም። የቀሩት 58 ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲሰሙ ኖሩ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ባለፈው ክረምት እኛ አራት ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ከሚሴ ወርደን ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሒሳብ አስጠንተን ነበር። አገሩን ለማያውቅ ሰው፦ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ኮምቦልቻ ሳይደረስ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ በጨፋ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ረግረግ ይሠራል። በበጋ ቆላው ሲደርቅ የአፋር አርብቶ አደሮች ግመላቸውንና ከብታቸውን እየነዱ ወደዚሁ ሣር ይመጣሉ፤ የአካባቢው ኦሮሞ፣ አርጎባና አማራም ከብቱን በዚያው ያሰማራል። ሜዳው ለከብት ብቻ አይደለም፤ ማሽላው፣ ማሾው፣ የመስኖ አትክልቱ እየሰፋ ሲመጣ ረግረጉ እየጠበበ ሄዷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደርሶ እንደ ነበረም የምታስታውሱት ነው። ያስጠናናቸው ልጆች ያን ጊዜ ትንንሾች ነበሩ፤ ያመለጣቸው ክፍለ ጊዜ አሁን በክፍልፋይ ትምህርት ላይ እንደ ጎደለ ጥርስ ይታያል።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል እንበል። የዚያ አገር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ይማራል፤ በገበያ አማርኛ ይነግድበታል፤ በመድረሳ ዐረብኛ ይቀራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ሸክም ብቻ ያየዋል። እኛ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ጨዋታ ያገኘነው ከዚሁ ነው። በአፋን ኦሮሞ 11 «ኩዳ ቶኮ» ነው፤ አሥርና አንድ። በአማርኛም «አሥራ አንድ» ስንል አሥሩም አንዱም ይሰማሉ። እንግሊዝኛው ግን «ኢለቨን» ብሎ አሥሩን ይደብቀዋል፤ «ትዌልቭ»ም እንዲሁ። ልጆቹ የአራቱን ቋንቋ ቁጥሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሰልፈው «የትኛው ቋንቋ አሥርን ይደብቃል?» እያሉ ሲያድኑ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አለቀ። የቦታ ዋጋ የሚባለውን ትምህርት ስሙን ሳንጠራ ያስተማርነው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውን የሚፈራው ልጅ ቁጥር ሲቀንስ አይተናል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የቃሉ መሆኑን ራሱ መርምሮ ደርሶበታል።

እንግዲህ ስለ ጨዋታ ከተነሣ፣ ሁሉም ጨዋታ ትምህርት ነው ከሚሉት ወገን አይደለንም። ባለ ቀለም ወረቀት ተለጥፎ፣ ልጆች አጨብጭበው፣ ዘምረው፣ የገበያ ሥዕል ሥለው የሚወጡበትን ክፍለ ጊዜ በልዩ ልዩ ቦታ አይተናል። ደወሉ ሲደወል የደመረም የቀነሰም ልጅ አልነበረም። ስለዚህ ለራሳችን አንድ መፈተኛ አወጣን፤ ይኸውም ልጁ ምንም ሳያስብ በዕድል ብቻ ሊያሸንፍ የሚችልበትን ጨዋታ ሁሉ መተው ነው። ዕጣ ማውጣቱን፣ ቶሎ እጅ ማውጣቱን፣ ሽልማቱን ሁሉ በዚሁ ምክንያት ተውነው። ሽልማት ሲኖር እጃቸውን የሚያወጡት እነዚያው ስድስት ወንዶች ነበሩ። ሽልማቱ ከቀረ በኋላ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ሴቶች ልጆች መናገር ጀመሩ። በተለይ የሰንበቴን የእሑድ ገበያና የባቲን የሰኞ ገበያ በክፍል ውስጥ ባቋቋምን ጊዜ፣ ስንት ጣሳ ማሾ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ነጋዴ ጣሳውን ሲከምርና ሲደፍቅ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሆን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልተገኘም። እናቶቻቸውን ተከትለው ሲሸጡ አድገዋልና።

አሁን ወደ ግመሎቹ እንምጣ። ይህ እንቆቅልሽ በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ ለጨፋ ልጅ ግን ከቤቱ የወጣ ያህል ነው። አንድ አባት 17 ግመል ትቶ ሞተ። ኑዛዜው «ለታላቁ ግማሹ፣ ለመካከለኛው ሲሶው፣ ለታናሹ ዘጠነኛው እጅ» ይላል። ግመል ሳይታረድ እንዴት ይከፈል? ወንድማማቾቹ ሊጣሉ ሲሉ አንድ ጎረቤት የራሱን አንድ ግመል ነድቶ መጣና ከመንጋው ቀላቀለው፤ 18 ሆኑ። ግማሹ 9፣ ሲሶው 6፣ ዘጠነኛው እጅ 2። ድምሩ 17። ጎረቤቱም የራሱን ግመል መልሶ ነድቶ ሄደ።

ይህንን ስንጨርስ ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያም አንድ ልጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ወላሂ እዚህ ውስጥ ማታለል አለ!» አለ። በክረምቱ ሁሉ ከሰማናቸው ቃላት በጣም ደስ ያሰኘን ይህ ነው። «እንግዲያውስ ማን ማንን አታለለ?» ብለን ጠየቅን፤ ክፍሉም በቡድን በቡድን ሆኖ ሌባውን ፍለጋ ወጣ። ግማሽ፣ ሲሶና ዘጠነኛ እጅ ሲደመሩ ከ18 እጅ 17ቱ እንጂ ሙሉ አንድ አለመሆናቸውን ለማግኘት የጋራ አካፋይ መፈለግ የግድ ሆነ። ይህ እኮ በመጽሐፉ ላይ ስድስት ገጽ የሚይዘው፣ ማንም በፈቃዱ የማይሠራው ምዕራፍ ነው! አባትየው ከንብረቱ አንድ አሥራ ስምንተኛውን ለማንም ሳይሰጥ ረስቶታል፤ ጎረቤቱ ያደረገው የተረሳውን ለሦስቱም እንደየድርሻቸው ማከፋፈል ነው። ታላቁ በኑዛዜው የሚደርሰው 8 ተኩል ነበር፤ 9 አገኘ። ሌሎቹም እንዲሁ ጥቂት ጥቂት ተጨመረላቸው። የተታለለ የለም። በማግስቱ ልጆቹ የራሳቸውን ኑዛዜ እየጻፉ መጡ። አንደኛው ቡድን 7 ፍየል ለግማሽ፣ ለሩብና ለስምንተኛ እጅ አከፋፈለ፤ 4፣ 2፣ 1። ሌላው 11 በግ ለግማሽ፣ ለሩብና ለስድስተኛ እጅ፤ 6፣ 3፣ 2። በሁለቱም ጎረቤቱ እንስሳውን ይዞ ይመለሳል።

በዚህ መካከል በመድረሳ የተማሩት ልጆች የውርስ ሕግ ትዝ አላቸው። በእስልምና ሕግ ባል፣ ሚስት፣ እናት፣ ሴት ልጅ፣ እኅት እያንዳንዳቸው የተወሰነ እጅ አላቸው። አንዳንድ ጊዜ እጆቹ ሲደመሩ ከአንድ ይበልጣሉ። ለምሳሌ ሟቿ ባልና ሁለት እኅቶች ብቻ ብትተው፣ ለባል ግማሽ፣ ለሁለቱ እኅቶች ደግሞ ከሦስት እጅ ሁለቱ ይደርሳል፤ ይህም ከስድስት እጅ ሰባት ይሆናል። ሊቃውንቱ «አውል» በሚሉት ዘዴ ንብረቱን በስድስት ፈንታ በሰባት ይከፍሉታል፤ ለባል 3፣ ለእኅቶች 4። ሁሉም እንደየድርሻው ጥቂት ዝቅ ይልለታል። የግመሎቹ እንቆቅልሽ የዚሁ ተገላቢጦሽ መሆኑን ያየው ልጅ ከእኛ በፊት ነው የተናገረው። አልጀብራ የሚለውን ቃል ለዓለም ያበረከተው አል ኽዋሪዝሚ በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሰፊውን ክፍል ለውርስ ሒሳብ መስጠቱን ስንነግራቸው፣ አልጀብራ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ መሆኑ በዚያው ቀረ። መምህሮቻችን ይህንን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን፤ ልጆቹ ወደ ክፍል የሚገቡት ባዶ እጃቸውን አይደለም።

የቀን አቆጣጠር ጨዋታው ደግሞ ሁለቱን ሃይማኖት በአንድ ሰሌዳ ላይ ያገናኘ ነበር። ከቀላሉ ጀመርን። የእኛ ወር 30 ቀን ስለ ሆነ፣ ከአራት ሳምንት ሁለት ቀን ይተርፋል። ስለዚህ የወሩ መባቻ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን እየዘለለ ይሄዳል። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር፤ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ። ይህንን ያወቀ ልጅ የማንኛውንም ጓደኛውን የልደት ቀን ዕለት ያለ መቁጠሪያ ይናገራል፤ በመንደሩም እንደ ጠንቋይ ይታያል። (ጠንቋይ ላለመባል ምሥጢሩን እንዲገልጽ መክረነዋል።)

ከዚያ ወደ ከበደው አለፍን። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ይህንን የማያውቅ የከሚሴ ልጅ የለም። ለምን? የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ስለ ሆነ፤ ልዩነቱ 11። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰው ልጅ አበቅቴ የሚባል ቁጥር እንዳለ ይሰማል፤ በባሕረ ሐሳብ ፋሲካ የሚገኘው በእርሱና በመጥቅዕ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ስናሰላው፤ 5500 ሲደመርበት 7518፤ በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ አንድ ለዘመን ሲቀነስ ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፍ አበቅቴው 12፤ በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30። በሚቀጥለው ዓመት በአበቅቴው ላይ እንደገና 11 ይጨመራል። ያችው 11! የሸሁ ልጅና የቄሱ ልጅ ለየብቻ ይዘዋት የኖሩት ቁጥር አንዲት ናት፤ ጨረቃ ከፀሐይ ወደ ኋላ የምትቀርበት ቀን። አንዱ ወገን ጨረቃን ብቻ ተከትሎ ጾሙ በወቅቶች ሁሉ እንዲዞር ተወው፤ ሌላው በ19 ዓመት ዑደት ከፀሐይ ጋር አስታረቃት። በዚያ ቀን ልጆቹ ቤት ሲገቡ አባቶቻቸውን ምን እንደ ጠየቁ ባናውቅም፣ በማግስቱ ሁለት አባቶች ወደ ክፍሉ በር መጥተው ቆመው አዳምጠዋል።

ገበጣን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ብዙዎቻችሁ ተጫውታችሁታል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ጽፈዋል። እኛ ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ስድስት ጉድጓድ ቆፍረን የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ከዚህ ጉድጓድ 29 ጠጠር አንሥተህ ብትዘራ የመጨረሻው የት ይወድቃል?» ዘርቶ የሚያይ ልጅ ዘግይቶ ይደርሳል፤ 29ን በ12 አካፍሎ ቀሪውን 5 ያየ ልጅ ሳይነካው ጣቱን ይቀስራል። ማካፈልን የጠላ ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ በቀሪ አሳቢ ሆነ።

ማባዛትንም እንዲሁ። በውጭ መጻሕፍት አንዳንዴ «የኢትዮጵያ ማባዛት»፣ አንዳንዴም «የሩስያ ገበሬዎች ማባዛት» የሚባል ዘዴ አለ። 13ን በ24 ለማባዛት 13ን እያጋመሱ፣ ቅንጣቢውን እየጣሉ፣ 24ን እያጠፉ መውረድ ነው፤ 13 ከ24፣ 6 ከ48፣ 3 ከ96፣ 1 ከ192። በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸውን ረድፎች ብቻ ይዞ ቀኙን መደመር፤ 24፣ 96ና 192፤ 312 ይሆናል። ከ3500 ዓመት በፊት አሕሞስ የሚባል ግብፃዊ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይም ማባዛት የሚሠራው በማጠፍ ነው። 13 የ1፣ የ4ና የ8 ድምር መሆኑን ለደረሰበት ልጅ፣ የኮምፒዩተር ሆድ በሁለት ቁጥር ብቻ እንደሚያስብ ለመንገር መንገዱ ክፍት ነው። ግን አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር፦ የማባዣ ሠንጠረዡን በቃል ማጥናት አልተውንም። በየሳምንቱ ሁለት ቀን እንደ ድሮው እየጮኹ ያጠኑ ነበር። ሰባት ጊዜ ስምንትን በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ገበጣውንም ሊያሸንፍ አይችልም።

ጥላ በመለካት የዛፍ ቁመት ማግኘትንም ሠርተናል። የአንድ ሜትር በትር ጥላ 50 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ሰዓት የዛፉ ጥላ 6 ሜትር ከሆነ ዛፉ 12 ሜትር ነው፤ ይህ የታሌስ ዘዴ ነው። ከዚህ ይልቅ የወደድነው በከሚሴ ነሐሴ 19 ቀን ገደማና ሚያዝያ 10 ቀን ገደማ ፀሐይ በቀትር ልክ ከአናት በላይ መሆኗንና የበትሩ ጥላ እግሩ ሥር መጥፋቱን ማየት ነው። የነሐሴው ቀን በእኛ ጊዜ ደመና ነበር። ቀትሩም ሊገባደድ ሲል ደመናው ለአሥር ደቂቃ ተገለጠና ጥላ የሌለው በትር አየን። ስድሳ ልጅ ስለ ምድር ወገብና ስለ ማዕዘን ለመስማት ዝግጁ ሆኖ ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም።

ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው ግን የሣሩ እንቆቅልሽ ነው። አይዛክ ኒውተን በ1707 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታተመው የአልጀብራ መጽሐፉ ውስጥ፣ እየተበላ የሚያድግ ሣር ላይ ስለ ተሰማሩ በሬዎች አንድ ጥያቄ አስገብቷል። እኛ ቁጥሩን ለውጠን ወደ ጨፋ አመጣነው። በአንድ ሜዳ ላይ 30 ከብት ብናሰማራ ሣሩ በ20 ቀን ያልቃል። በዚያው ሜዳ 40 ከብት ብናሰማራ በ12 ቀን ያልቃል። 25 ከብት ብናሰማራስ ስንት ቀን ይበቃል?

ከብት ጠብቆ የማያውቅ ሰው (ከአራታችን ሦስታችን እንዲህ ነን) ወዲያው ተገላቢጦሽ ምጥጥን ይሠራና መንገድ ይጠፋበታል። እረኛ የነበረው ልጅ ግን መጀመሪያ የጠየቀው «ሣሩ ይበቅላል ወይ?» ብሎ ነው። እንቆቅልሹ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። አንድ ከብት በቀን የሚበላውን አንድ ድርሻ እንበለው። 30 ከብት በ20 ቀን 600 ድርሻ በሉ፤ 40 ከብት በ12 ቀን 480 ድርሻ በሉ። ሜዳው አንድ ሆኖ ሳለ የ120 ድርሻ ልዩነት ከየት መጣ? በተጨማሪዎቹ 8 ቀኖች የበቀለ ሣር ነዋ! ስለዚህ በቀን 15 ድርሻ ይበቅላል፤ መጀመሪያ የነበረውም 300 ነው። 25 ከብት ሲሆን በየቀኑ 15ቱ የሚበሉት የዕለቱን ቡቃያ ነው፤ የነባሩን ሣር የሚበሉት 10 ብቻ ናቸው፤ 300ን ለ10፤ 30 ቀን።

ይህንን በሰሌዳ ላይ ከመጻፋችን በፊት በመሬት ላይ ሠራነው። 300 የበቆሎ ፍሬ በወለሉ ላይ ተበተነ። 40 ልጆች ከብት ሆኑ፤ አንዲት ልጅ ዝናብ ሆና በየ«ቀኑ» 15 ፍሬ ትጨምራለች፤ አንድ ልጅ ደግሞ ቀኑን ይጮኻል። እያንዳንዱ ከብት በቀን አንዲት ፍሬ ብቻ። በ12ኛው ቀን ወለሉ ባዶ ሆነ፤ አንዲትም ፍሬ አልተረፈችም፤ አልጎደለችም። ጩኸቱን የሰማ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጠብ የተነሣ መስሎት ሮጦ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። አንዲት ልጅ «ከብቱ 15 ብቻ ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀች። እንደ ገና ተጫወቱት። ቀን ጠሪው ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ ከወለሉ ላይ ያለው 300 ፍሬ ከ300 አልወረደም። ክፍሉ ጸጥ አለ። እነዚህ ልጆች በጨፋ ሣር ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤት፣ ደገኛ ከቆለኛ ሲጣላ የሰሙ ናቸው። ጠቡ በማን መሬት ነው ከሚለው ጥያቄ ሌላ፣ ሜዳው በቀን ስንት ይወልዳል የሚል ጥያቄ መኖሩን፣ እርሱም በደብተር ላይ ሊሠራ መቻሉን ያን ዕለት አዩ። እኛም አየን።

አንዳንድ መምህራን፣ በትሕትና እንናገራለን፣ ይህ ሁሉ ለክረምት እንጂ ለመደበኛው ጊዜ አይሆንም ይሉናል። መጽሐፉ ማለቅ አለበት፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ልጁ ብዙ ነው። ስለ ብዛቱ እውነት አላቸው፤ የስድሳ ልጅ ጫጫታ ቀላል አይደለም። ስለ መጽሐፉ ግን እንከራከራለን። የጋራ አካፋይን ለማስተማር የተመደበው ጊዜ አምስት ክፍለ ጊዜ ሲሆን ግመሎቹ የወሰዱብን ሦስት ነው። ደግሞም ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በዑጋንዳ በኢንቴቤ የአፍሪካ መምህራን ከውጭ ሊቃውንት ጋር ተሰብስበው ለአፍሪካ ትምህርት ቤቶች አዲስ የሒሳብ መጻሕፍት ማዘጋጀት ሲጀምሩ ኢትዮጵያም ከተካፋዮቹ አንዷ ነበረች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ገጠር ወርዶ ማስተማሩም ቢሆን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ስም የታላላቆቻችን ግዴታ ነበር። እኛ የጨመርነው ነገር ቢኖር የበቆሎ ፍሬና ጠጠር ነው፤ ዋጋው ለአንድ ክፍል ከአንድ ጣሳ በቆሎ አይበልጥም፤ እርሱንም መጨረሻ ላይ ቆልተን በልተነዋል።

ማኅበሩ ስቴንስልና ወረቀት ቢፈቅድልን፣ የተጫወትናቸውን ሃያ ሁለት እንቆቅልሾች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አባዝተን ለሚቀጥለው ክረምት ዘማቾች ለማደል አስበናል። አፋን ኦሮሞውን የሚያርሙልን ሁለት ሰዎች ያስፈልጉናል፤ በተለይ የወሎውን አነጋገር የሚያውቁ። ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ እንቆያለን።

አንድ እንቆቅልሽ ለመምህሮቻችንና ለእናንተ እንተዋለን፤ የሰጠንም ያው «ሣሩ ይበቅላል ወይ?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ነው። የሣሩ ሒሳብ ሲያልቅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ሣር እኮ ሁልጊዜ እኩል አይበቅልም፤ በጋው ሲገፋ ይቀንሳል» አለን። እንግዲህ ያው 300 ድርሻ ያለበት ሜዳ ነው፤ 25 ከብት ተሰማርቷል፤ እስከ አሥረኛው ቀን በቀን 15 ድርሻ ይበቅላል፤ ከዚያ በኋላ ግን በቀን 5 ብቻ። ከብቱ ስንት ቀን ይቆያል? መልሳችሁን በጽሑፍ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክቡ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።